የተቆረጠው ሦስተኛ እግር

ዝናብ ባይጥል ኖሮ እኔ የጌም ቤት ደጃፍ አልረግጥም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ተማሪ ከክፍል በቀረ ቁጥር "ጌም ቤት ነው ያለው" ሲሉኝ ስለኖርኩ፣ በሰፈራችን ማዕዘን ላይ ያለችውን ያችን ቤት በጎሪጥ እያየሁ ነው የማልፋት። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ከዳቦ ቤት ስመለስ ሰማዩ ድንገት ዘረገፈው፤ ነፋሱም ጃንጥላዬን ገለበጠው። ምን ይደረግ፣ ዳቦዬን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ዘው ብዬ ገባሁ።

ቤቱ ገና ለደንበኛ አልተከፈተም መሰለኝ ሰው አይታይም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ውኃ ተኝቶበታል። ግራና ቀኝ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ አሮጌ ባለ ሳንቲም የጌም ማሽኖች ተደርድረዋል፤ የመምህር ነገር ሆኖብኝ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም በርተዋል። ትናንሽ አውሮፕላኖች ያለ ተጫዋች ለብቻቸው ይዋጋሉ፣ የመስታወቱ ብርሃን ቀይና ሰማያዊ እየሆነ እርጥቡ ወለል ላይ ይጫወታል። እውነቱን ልናገርና አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ያን ያህል ዓመት ስረግመው የኖርኩት ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ መቼ አሰብኩ!

ግራ ጫማዬ ውኃ ገብቶበት ስለነበር አወለቅኩት። ካልሲዬ ርሶ ይንጠባጠባል። ሌላውንም ላወልቅ አንድ እግሬን አነሳሁና፣ እንዳልወድቅ አጠገቤ ያለውን ማሽን ልደገፍ እጄን ወደ ሳንቲም መክተቻው የብረት በር ዘረጋሁ።

"አይንኩ! እጅዎን ይመልሱ!"

እንዲህ ዓይነት ጩኸት ከርዕሰ መምህራችን እንኳ ሰምቼ አላውቅም። እጄ ከብረቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቀረ። ከጓዳው በኩል ሰማያዊ የሥራ ቱታ የለበሰች፣ የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ እየሳቁ ይከተላሉ።

"ተዪ እንጂ አንቺ ልጅ!" አሉ ሽማግሌው። "ሰላም ቢላቸው ምን አለበት? መምህር ናቸው እኮ፣ ሰላምታ ይወዳሉ!"

እኚህን ሰው የሰፈሩ ወጣት ሁሉ "አባ ሰላምታ" ነው የሚላቸው። እኔ ሰው አክባሪ ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር። ወጣቷ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ እሳቸውና ሚስታቸው ናቸው ያሳደጓት። የቴክኒክ ኮሌጅ ተምራ ዛሬ የትልልቅ ሕንፃ አሳንሰር የምትጠግን ባለሙያ ሆናለች። አጎቷን "ጋሼ" ትላቸዋለች።

"ምን ዓይነት ሰላምታ ነው የሚያስጮኸው?" አልኩ፣ እጄን ሰብስቤ።

አባ ሰላምታ ደስ አላቸው። ለሃያ ስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ የጠየቃቸውን ሁሉ ወንበር ስበው እንዳስቀመጡ ያስታውቃል። ለእኔም ሳቡልኝ፤ የእንጨት ወንበር ነበር፤ እግሬን የወንበሩ መስቀለኛ እንጨት ላይ አወጣሁ።

"መምህር፣ እነዚህ ማሽኖች ነፍስ አላቸው። ከእኔና ከእርስዎ በቀር በዚህ ሰፈር እንደነሱ ያረጀ የለም። ብረታቸውን ሲነኩ ጣትዎን ነዘር ያደርግዎታል፤ ያ ሰላምታቸው ነው። ሰላምታው ደግሞ ሥርዓት አለው። እዚህ ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቅና በር ላይ ካለው የላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። ከዚያ ማሽኑ ፊት ካለው ሳንቃ ላይ ይቆማል። ከዚያ በእጁ ጀርባ ነካ። በመዳፍ አይደለም፣ በእጅ ጀርባ! ሰላምታው ጠንከር ካለ ስፒናውን ነቅሎ፣ ገልብጦ መሰካት ነው፤ ወዲያው ዝም ይላል። ለዚህም መላ አበጅቼለታለሁ።" ወደ ግድግዳው አጎንብሰው አንዱን ስፒና አሳዩኝ። ጎኑ ላይ የቀይ ጥፍር ቀለም ርዝራዥ ይታያል። "ቀዩ ወደ ላይ ከሆነ ማሽኑ ጨዋ ነው። ቀለሙን ከሚስቴ ነው የሰረቅሁት!"

እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ሰው እንዲህ ያለ ሥርዓት ለራሱ ካወጣ ምን ጎደለው ብዬ አሰብኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ ሳንቃው የታለ?" አለች።

ሽማግሌው ወለሉን አዩት። ከማሽኖቹ ፊት አንድም ሳንቃ የለም።

"ሚስቴ አውጥታው ይሆናል። ጣሪያው ሲያፈስበት ሰንብቶ አብጧል። ልታደርቀው ነዋ።"

"እንግዲያው መምህር በእርጥብ ካልሲ፣ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ነው እጃቸውን የዘረጉት። በመዳፋቸው።"

"ቢነኩስ? ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስንት ሺህ ሰው ተጫውቷል፤ የሞተ አለ? የታመመ አለ? ንገሪኝ!"

እኔም ነገር ማጣፈጥ እወዳለሁና "ይሄስ ጠንካራ ማስረጃ ነው" አልኩ። ዛሬ ሳስበው ምላሴን እታዘበዋለሁ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። "ጋሼ፣ እርስዎን የማላከብር ሆኜ አይደለም። እንጀራዬን የማገኝበትን ትምህርት የከፈሉልኝ እነዚህ ማሽኖች ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቆርቆሮ ያሳዩኝ።"

"የቱን?"

"የብስኩቱን።"

አባ ሰላምታ ከመደርደሪያው ላይ ዝገት የጀመረው የብስኩት ቆርቆሮ አውርደው ከፈቱላት። ውስጡ ትናንሽ የናስ ዘንጎች ይንቀጫቀጫሉ፤ እያንዳንዳቸው የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ናቸው። አሥራ አንድ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኩ።

"ሦስተኛ እግራቸው" አለች ልጅቷ። "ማሽኖቹ ሲመጡ ስፒናቸው ሦስት እግር ነበረው። ጋሼ የመሐሏን እግር በፒንሳ ቆረጧት።"

"ታዲያ ምን ላድርግ!" አሉ ሽማግሌው፣ ቆጣ ብለው። "የቤቱ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ፣ ስፒናው ሦስት እግር! ግድግዳውን ከማፍረስ እግሯን መቁረጥ አይቀልም? ደግሞ ቆርጬ ስሰካው ሠራ ወይስ አልሠራም? ሠራ! በሁለት እግሩ የሚቆም ነገር ሦስተኛ ምን ይሠራለታል? ከነሱ ነገር አንድም አልጣልኩም፣ ይኸው በአክብሮት አስቀምጫለሁ።"

"ጋሼ፣ ውጭ ምን ይሰማዎታል?"

"ዝናብ ነዋ።"

"የጎረቤታችን ጣሪያ አሸንዳ አለው። ውኃው ተሰብስቦ፣ በቧንቧው ወርዶ መሬት ይገባል፤ በደጃቸው የሚያልፍ ሰው አይርስም። የእኛ ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ውኃው ግን ቀረ? አልቀረም፤ ደጃፍ ላይ የቆመውን ሰው አናት ያገኛል። ሁለቱ የስፒና እግሮች ኮረንቲ የሚመጣባቸውና የሚመለስባቸው ናቸው። ሦስተኛዋ አሸንዳ ናት። በደህናው ቀን ምንም አትሠራም፤ እውነትዎን ነው። አንድ ቀን ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ ግን፣ ያ ኮረንቲ በእሷ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይቆርጣል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሷ ከሌለች ብረቱ ኮረንቲውን ይዞ ቁጭ ይላል፣ መንገድ የሚሆነውን ሰው እየጠበቀ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ አባ ሰላምታ ጣታቸውን ቀስረው። "ወደ መሬት ከወረደማ ቀኑን ሙሉ መብራት ለትል ማጠጣቴ ነው! ቆጣሪው ለምድር ትል እንዲዞር ነው የምትፈልጊው?"

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"ፍሳሽ ከሌለ አንዲት ጠብታ አይወርድም። ፍሳሽ ካለ ደግሞ ወዲያው ይቋረጣል። ትሎቹ ጾማቸውን ያድራሉ።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው። "ትምህርት ጥሩ ነው መምህር፤ ግን እነዚህን ማሽኖች በእጄ አውርጄ፣ በእጄ አቁሜ፣ የተበላሸውን በእጄ ጠግኜ እዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የሚሠራ ነገር አይነካም!"

ልጅቷ ከቦርሳዋ አንድ የድሮ ባለ ሽቦ አምፖል አወጣች፤ ከመያዣው ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ይወጣሉ። ከጓዳ የአጎቷን ድጅኖ ይዛ በዝናቡ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ጭቃው ውስጥ ወግታ ወግታ አቆመችው። አንዱን ሽቦ በድጅኖው ላይ አሰረች፣ አምፖሉን ከሁለተኛው ሽቦ ጋር በመስኮት ወደ እኛ አስገባችው።

"ድጅኖውን ማንም እንዳይነካ" አለች የላስቲክ ጓንቷን እያጠለቀች። "ይሄንን ደግሞ ማንም ቤቱ ሄዶ አይሞክር። እኔ የማደርገው ሥራዬ ስለሆነ ነው።"

ከዚያ የሁለተኛውን ሽቦ ጫፍ፣ እኔ ልደገፈው ወደነበረው ማሽን፣ ወደ ሳንቲም መክተቻው የብረት በር አስጠጋች።

አምፖሉ ቦግ አለ።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? አንደኛው ሽቦ ጭቃ ውስጥ ነው። ሁለተኛው በር ላይ ነው። ማብሪያ የለ፣ ሶኬት የለ። አምፖሉ ግን በሳሎኔ እንደሚበራው መብራት ደምቆ የሽማግሌውን ፊት ሽብሽብ አንድ በአንድ አሳየኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ መሬት አስተምሬአለሁ። ስለ ንብርብሯ፣ ስለ ወንዞቿ፣ ስለ ተራሮቿ ስንት ካርታ በጠመኔ ስያለሁ። መሬት አንድ እጇን ዘርግታ ብርሃን ልትቀበል እንደምትችል ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ የዘረጋሁት የራሴ እጅ ትዝ አለኝ። ያ አምፖል በበራበት መንገድ ላይ፣ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶኝ፣ ከነእርጥብ ካልሲዬ ቆሜ ነበር። ዳቦው ከኮቴ ሥር ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

"ከየት መጣ?" አሉ አባ ሰላምታ በሹክሹክታ።

"ከየትም አልመጣም፣ ጋሼ። እርስዎ ሰላምታ የሚሉት ይሄ ነው። ሳንቃውና ነጠላ ጫማው ስለከለከሉት ነው ነዘር ብቻ ሲያደርግ የኖረው። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ያተረፈው ማሽኑ ጨዋ ሆኖ አይደለም፤ የእርስዎ ሳንቃ ነው።"

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ብድግ አሉና ስፒናውን ነቅለው፣ ገልብጠው ሰኩት። አውሮፕላኖቹ ጠፍተው እንደገና መጡ። አምፖሉ ጨለመ።

"አየሽ!" አሉ፣ ድምፃቸው ተመለሰ። "አየሽ አይደል! ቀዩ ወደ ላይ! መላዬ ይሠራል! መምህር፣ ምስክር ይሁኑኝ!"

በእውነትም ጠፍቷል። ግራ ገብቶኝ ወደ ልጅቷ አየሁ።

"ይሠራል" አለች በረጋ ድምፅ። "የተላጠው ሽቦ አሁን የመመለሻው ሆነ፣ ስለዚህ ዝም አለ። እንግዲህ የሰው ሕይወት በጥፍር ቀለም ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ስፒናውን ማን ነው የሰካው?"

"እኔ ነኝ።"

ድምፁ ከጓዳ በር ነው የመጣው። የአባ ሰላምታ ሚስት ባልዲና መወልወያ ይዘው ቆመዋል። ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገዋል። እግራቸው ባዶ ነው።

"ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምሰካው" አሉ። "አንተ ሰውዬ ማሽኖቹ ይሙቁ ትላለህ፣ እኔ ሰክቼ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ወለሉን አጥባለሁ። ቀለሙ እንደሆነ ከለቀቀ ስንት ጊዜው! ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። እንዳገኘሁት ነው የምሰካው።"

"አጠገቡ ስትደርሺ ሳንቃው ላይ ትቆሚያለሽ አይደል?" አሉ ባል።

"ስቆም ነው የኖርኩት። ዛሬ አብጦ አላስጠርግ ስላለኝ አውጥቼ ደጅ አቆምኩት። ነጠላ ጫማ አድርጌ ደግሞ ወለል አይታጠብም፤ ያዳልጠኛል። አሁን ላጥብ ስመጣ ነው ጫጫታችሁን የሰማሁት።"

እኔ ባልዲውን እያየሁ ነበር፤ እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። እኔ በዝናብ ተገፍቼ ቀደም ባልል፣ ልጅቷም ባትጮህ፣ እኚህ ሴት ያን ውኃ ወለሉ ላይ ከደፉ በኋላ ያንን የብረት በር በእርጥብ ጨርቅ ሊወለውሉ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ አባ ሰላምታ።

"ነገርኩህ እንጂ!" አሉ ሚስት። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ያዙ። "ሁለት ወር ሆነኝ፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ይደነዝዛል፣ ማሽኑ ያመኛል አልኩህ። 'ሰላም ብሎሽ ነው' አልከኝ። ደግሜ ነገርኩህ። 'አንቺንማ ይወድሻል' ብለህ ሳቅህብኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ለልጄ ደወልኩላት። ለሻይ አይደለም ዛሬ የመጣችው። እኔ ነኝ የጠራኋት።"

አባ ሰላምታ ወደ ማሽኑ ሄዱ። ስፒናውን ያዙና እንደገና ገለበጡት። አምፖሉ እንደገና ቦግ አለ። አንዴ መብራቱን ያያሉ፣ አንዴ የሚስታቸውን ክንድ ያያሉ።

"ይሄ ሁሉ..." አሉ። "ይሄ ሁሉ በዚህች እጅ ሊያልፍ ነበር?"

ስፒናውን ነቅለው መሬት ላይ ጣሉት። ከዚያ የቀሩትን አሥሩንም አንድ በአንድ ነቀሉ። ቤቱ ጨለም አለ፤ የማሽኖቹ ጩኸት ሲቆም ዝናቡ ብቻ ተሰማ። መጨረሻው ስፒና አልነቀል አላቸው፤ እኔ ተነሥቼ አገዝኳቸው።

"አንቺ ልጅ" አሉ ተቀምጠው። "ምን ልታዘዝ?"

አንባቢ ሆይ፣ ሽማግሌ ሰው "ምን ልታዘዝ" ብሎ ልጁን ሲጠይቅ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም ነበር። ሽንፈት አልመሰለኝም። ባርኔጣ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አነሳላቸው ነበር።

ልጅቷ ሚስቲቱን በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ልባቸው ታይቶ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ክንዳቸውም ቀስ በቀስ እንደሚሻለው ተነገራቸው። ጌም ቤቱ ሦስት ቀን ተዘጋ። እኔ የጌም ቤት ጠላት፣ ሦስቱንም ቀን ከዚያ ቤት አልጠፋሁም።

መጀመሪያ የተከፈተው ያ ማሽን ነው። አባ ሰላምታ "ከነቀልነው እኮ ቆየ" ብለው የኋላውን ሳንቃ ፈትተው እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ ልጅቷ ትከሻቸውን ያዘች።

"ስፒናው ተነቅሏል። የመስታወቱ ሆድ ግን አልሰማም።"

ወፍራም የላስቲክ እጀታ ያለው ካቻቢቴ አወጣች፤ በብረቱ ላይ ሽቦ ታስሯል፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ በመስታወቱ ዙሪያ ባለው የብረት ፍሬም ቆነጠጠችው። ግራ እጇን ወደ ወገቧ ኋላ አደረገች። "ሁልጊዜ በአንድ እጅ" አለች። "ሁለት እጅ ከገባ መንገዱ በልብ ላይ ያልፋል።" ካቻቢቴውን ከመስታወቱ ጀርባ ካለችው የላስቲክ ቆብ ሥር ቀስ አድርጋ አስገባች።

ጧ! አለ። ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። እኔና አባ ሰላምታ አብረን ወደ ኋላ ዘለልን።

"ወይ ጉድ!" አሉ እሳቸው። "ማንም ሳይሰካው? ከየት አምጥቶ?"

"ሲሠራ ያጠራቀመው ነው። በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ለቀናት ሊቆይ ይችላል።"

ሽማግሌው የሁለቱንም እጆቻቸውን መዳፍ ገልብጠው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "ሃያ ስድስት ዓመት" አሉ፣ "እነዚህን እጆች እዚያ ውስጥ ስከት ነው የኖርኩት። እኔ የተረፍኩት በብልሃቴ ይመስለኝ ነበር።" እኔም በልቤ እኛ ሰዎች ዕድላችንን ሁሉ ዕውቀት እያልን ስንቆጥር መኖራችንን አሰብኩ፤ አልተናገርኩም፣ ቀኑ የእሳቸው ነበር።

የተላጠውም ሽቦ ተገኘ። ከኋላ እየዞሩ ማብራት ስለሰለቻቸው አባ ሰላምታ ራሳቸው ማብሪያውን ከሳንቲም በሩ አጠገብ አዛውረውት ኖሯል። ሳንቲም ሊያወጡ በሩን በከፈቱና በዘጉ ቁጥር ማጠፊያው ሽቦውን ሲያኝከው ከርሟል። ላስቲኩ ተበልቶ መዳቡ ሲያበራ በዓይናችን አየን። አባ ሰላምታ ቀስ ብለው "የእኔው እጅ ነው" አሉ። ልጅቷ "የሁላችንም ነው ጋሼ፣ ማብሪያውን ሲያዛውሩ ባትሪ ያበራሁልዎት እኔ ነበርኩ" አለቻቸው።

በሁለተኛው ቀን ከጓሮ ረጅም የመዳብ ዘንግ ተተከለ። ልጅቷ መዶሻውን ልታነሳ ስትል ሽማግሌው ተቀበሏት። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የምተክለውም እኔ ነኝ" ብለው ኮታቸውን አወለቁ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሦስት መዶሻ መትተው ያርፋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ሦስት። ዘንጉ ገብቶ ሊያልቅ አንድ ክንድ ሲቀረው እኔም አምስት መታሁ፤ አንዱን ስቻለሁ፣ ሚስቲቱ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል። ከዘንጉ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ ቤቱ ገባ። ሶኬቶቹ ሁሉ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኑ፤ አሥራ አንዱም ማሽን አዲስ ስፒና ከሙሉ እግሩ ጋር አገኘ፤ በየማሽኑ ውስጥም ያ ሽቦ ከብረት በሩና ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ጋር በብሎን ታሰረ። "ስፒናው ላይ ብቻ ከቀረ ጌጥ ነው" ትላለች ልጅቷ።

ቆጣሪው አጠገብ ደግሞ አዲስ ብሬከር ገባ። እሱ የወጣውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያመዛዝናል፤ ጥቂት እንኳ መንገድ ስቶ በሰው በኩል ከሄደ ይቆርጣል። መሞከሪያ ቁልፍ አለችው። አባ ሰላምታ ተጫኗት፤ ጠቅ ከማለቷ ቤቱ ሁሉ ጠፋ። አበሩት፣ እንደገና ተጫኑት። አራት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ "ዓይኔን ሳልከድን እኮ ነው!" እያሉ ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷ በየወሩ አንድ ጊዜ ይበቃል ብላ እጃቸውን ያዘች።

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲደነቅልኝ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቤት ወጥቼ ቤቴ ስገባ በቀጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ሄድኩ። ስፒናዋን ነቀልኩ። ሁለት እግር ነበራት። የመሐሏን የቆረጥኳት እኔ ራሴ ነኝ፣ ይሄ የተማርኩት ሰው፣ በወጥ ቤት ቢላዋ እየፈገፈግሁ፤ በዚያ ቀን ስለ ብልሃቴ ጎረቤት ጠርቼ ነበር። እንግዲህ ማን ማንን ይታዘባል? አባ ሰላምታ እንኳ ሳንቃ ነበራቸው፤ እኔ እሱም የለኝ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ተነሥና የቤትህን ስፒናዎች እግር ቁጠር። ብረት ነክተህ ነዘር ካደረገህ፣ ገልብጠህ አትሰካ፤ ንቀልና ባለሙያ ጥራ። ቤትህ የመሬት ሽቦ ካለው ሽቦ ቢላጥ ፊውዝ ይሄዳል እንጂ ሰው አይሄድም። ማሽንህ ዕድሜው ይረዝማል፣ የቤትህ የእሳት ሥጋት ይቀንሳል፣ እንግዳህም ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚስትህ "ያመኛል" ስትልህ፣ ሳትስቅ ስማት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ማሽኖች በሩ። ያ አምፖል ወጣ፤ ድጅኖውም ጓሮ ተተከለ። ልጅቷ ሽቦውን ወደ ብረት በሩ አስጠጋች። አልበራም። ስፒናውን ገልብጣ ልትሞክር ብትል አዲሱ አልገለበጥም አላት፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። መለኪያዋንም አውጥታ አሥራ አንዱንም ለካች።

"እትዬ፣ አሁን ይንኩ" አለች።

ሚስቲቱ ወደ ማሽኑ ቀረቡ። ልማድ ክፉ ነው፤ የእጃቸውን ጀርባ አስቀደሙ። ከዚያ ቆም አሉ፣ እጃቸውን ገለበጡና ሙሉ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። ትናንሾቹ አውሮፕላኖች በመስታወቱ ላይ እየበረሩ ፊታቸውን ያበሩታል።

"ዝም አለ" አሉ። ደግመውም "ዝም አለኝ እኮ!" አሉና ሳቁ።

አባ ሰላምታ አልሳቁም። ሚስታቸው አጠገብ መጥተው ቆሙ፣ ያንን የደነዘዘ ክንድ በሁለት እጃቸው ያዙ። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትምም።

"የማሽኑን ሰላምታ ስሰማ ኖርኩ" አሉ። "አንቺን አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ።"

ሚስት ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መወልወያ አነሱና በባላቸው እጅ ላይ አደረጉት።

"ይቅርታው እንግዲህ ከወለሉ ይጀምራል" አሉ። "ሦስት ቀን አልታጠበም።"

ሽማግሌው መወልወያውን አዩት። ወደ ግድግዳው ሄደው ዋናውን ብሬከር በገዛ እጃቸው አጠፉ፣ መጥፋቱንም ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በባዶ እግራቸው ወለሉን ያጥቡ ጀመር።